ያልተቀዳው ጨዋታ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ዓመቱን ሙሉ የቃለ መጠይቅ ፕሮግራማችንን ለተከታተላችሁ፣ እንግዳ ለጠቆማችሁን፣ «አቅራቢዋ ለምን ሰው ታቋርጣለች?» ብላችሁ ለወቀሳችሁኝም ጭምር። (ወቀሳው ትክክል ነው። እየታገልኩት ነው።)

ከስክሪኑ የምታውቁት እኔንና እንግዳውን ብቻ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ምስጋናዬን ከካሜራው ጀርባ ካሉት ልጀምር። ስድስት ነን፤ ደሞዝ የሚባል ነገር የለንም። ካሜራ የሚይዘው ቀን ቀን ሒሳብ ያስተምራል። ድምፅ የምትቆጣጠረው ነርስ ናት፤ አንዳንዴ አዳር ሠርታ ዓይኗ እንደቀላ ትመጣለች። ኤዲቲንጉን የሚሠራልን ጡረተኛ ነው፤ ኮምፒውተር የለመደው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፣ አሁን ግን ሁላችንንም ያስንቃል። እንግዳው ተሸኝቶ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ማንም የማያየው ሥራ ይጀመራል፤ ኬብል መጠቅለል። እንደ ገመድ ክርናችሁ ላይ ካጠነጠናችሁት ውስጡ ይጠማዘዝና ውሎ አድሮ ይበጠሳል። አንዱን ዙር በቀጥታ፣ ቀጣዩን እጅን ገልበጥ አድርጎ ነው። እንዲያ የተጠቀለለ ኬብል በሚቀጥለው ሳምንት ጫፉን ይዛችሁ ስትወረውሩት ሳይቋጠር ይዘረጋል። እሱን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እንግዳ መጠየቅ ሳይቀል አይቀርም።

ከዓመቱ ቀረጻ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን እናንተ ያላያችሁት ነው።

እንግዳችን ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ፊደል የቆጠሩ እናት ነበሩ። የሟች ባለቤታቸውን አንድ ደብዳቤ ለዓመታት አስቀምጠው ኖረዋል። ሲናፍቁ ለጎረቤታቸው ይሰጧታል፣ ታነብላቸዋለች፣ መልሰው ያጥፉታል። ማንበብ እንደቻሉ መጀመሪያ ያወጡት ያንኑ ደብዳቤ ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ መሃል ላይ ሰምተውት የማያውቁት መስመር አገኙ። ጎረቤቲቱ ያን ሁሉ ጊዜ እየዘለለችው ኖሯል። መስመሩ ምን እንደሚል ነገሩን። ካሜራማናችን ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እኔ እንኳ አላቋረጥኩም።

አርባ ደቂቃ ያህል ቀርጸን ስናበቃ ድምፅ የለም። የማይኩ ባትሪ ገና ሲጀመር አልቆ ነበር። ነርሷ ያን ቀን በነርስነት ሥራዋ ተረኛ ስለነበረች «ግድ የለም፣ እኔ አየዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሄድፎኑ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው «ምን ችግር አለው ልጆቼ፣ እንደገና አወራዋለሁ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ላይ ሁሉንም አወሩ። ደብዳቤው ጋ ሲደርሱ ግን «አወጣሁና አነበብኩት» ብለው አለፉ። «መስመሩስ?» ልል አፌን ከፈትኩ። አዩኝ። ዘጋሁት። እናንተ የተመለከታችሁት ይሄኛውን ነው።

ከመተላለፉ በፊት ለእሳቸው አሳየናቸው። ለእንግዳ ቀድሞ ማሳየት የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ፊልም ሠሪውን ኮሊን ሎውን ፎጎ ወደምትባል ደሴት ላከው። መንግሥት ነዋሪዎቹን ከዚያ አንስቶ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር ያስብ ነበር። ሎው የዓሣ አጥማጆቹን ወሬ ቀርጾ መጀመሪያ ያሳየው ለራሳቸው ነው፤ ያልተስማሙበት ይወጣል። ለባለሥልጣናቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ደሴቲቱም ሰው እንደያዘች ቀረች። ሎው በሠራበት በዚያው የፊልም ቦርዱ መርሐ ግብር የሠራው አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ ጆርጅ ስቶኒ ኋላ ኒውዮርክ ተመልሶ ተራ ሰው ካሜራ ይዞ በኬብል ቴሌቪዥን ቻናል እንዲቀርብ ታገለ። «የሕዝብ ቻናል አባት» የሚሉት እሱን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ 96 ዓመቱ ነበር። ይህን ያወራን ጡረተኛችን ነው፤ ስለ ስቶኒ ከጀመረ ኤዲቲንጉም ይረሳል።

እናታችን ሞኒተሩን እስከ መጨረሻው አይተው «ደህና ነው፣ አሳዩት» አሉ። ስለ መስመሩ አላነሱም፤ እኛም አላነሳንም። ያን ቀን ስቱዲዮው ውስጥ የነበርነው አምስታችን እስካሁን እርስ በርሳችን እንኳ አውርተነው አናውቅም።

ትናንት እንኳን አደረሰዎት ልል ደወልኩላቸው። ይህን መልእክትም ከመለጠፌ በፊት በስልክ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ደብዳቤውን ጻፊው፣ መስመሩን ተዪው» አሉኝ። ቀጥለው፦ «ባትሪውንስ ቀየራችሁት?»

ቀይረናል። ቅዳሜ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀረጻ አለን፤ ነርሳችን ተረኛ ናት። ሄድፎን አድርጎ የሚቀመጥ አንድ ሰው እንፈልጋለን። ልምድ አያስፈልግም።