የሞል ፍሰትን ከአንድ አሃድ ወደ ሌላው ስለውጥ የተከተልኩት መንገድ

የአንድ የጋዝ ማቀነባበሪያ መስመርን የቁስ ሚዛን (የሚገባውንና የሚወጣውን ቁስ የሚያነጻጽር ስሌት) እንድሠራ በተመደብኩ ጊዜ የደረሱኝ መረጃዎች ሁሉ ስለ ሞል ፍሰት፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስለሚያልፈው ጋዝ በሞል (በሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) የተቆጠረ መጠን የሚናገሩ ቢሆኑም በአንድ አሃድ የተጻፉ አልነበሩም። የሲሙሌሽን ሶፍትዌሩ ውጤቱን በኪሎሞል በሰዓት ያወጣል፤ የቆየው የዲዛይን ሰነድ በፓውንድ ሞል በሰዓት ተዘጋጅቷል፤ በናይትሮጅን መስመሩ ላይ የተገጠመው የፍሰት መለኪያ ደግሞ በስታንዳርድ ሊትር በደቂቃ ያነባል። የተዘጋጀ መለወጫ ፈልጎ ቁጥር ማስገባት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚመረምር ሰው እያንዳንዱ ማባዣ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ መልስ እንዲያገኝ ስለፈለግኩ ሠንጠረዡን ራሴ በኤክሴል ለመሥራት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሞል በሰከንድን መሠረት አድርጎ መያዝ ነው። የትኛውም ፍሰት መጀመሪያ ወደ ሞል በሰከንድ ይገባል፣ ከዚያም ወደሚፈለገው አሃድ ይወጣል። አሥር አሃዶችን እርስ በርስ በቀጥታ ለመለወጥ 90 ማባዣዎች ሲያስፈልጉ፣ በመሠረቱ በኩል ለማለፍ ግን ለእያንዳንዱ አሃድ አንድ ማባዣ ብቻ ይበቃል፤ ለመመርመርም የሚያመቸው ይኸው ነው።

ጊዜንና ብዛትን ብቻ የሚነኩት ለውጦች አያስቸግሩም። አንድ ኪሎሞል በሰዓት ማለት 1000 ሞል ለ3600 ሰከንድ ሲካፈል ስለሆነ 0.27778 ሞል በሰከንድ ይሆናል። ፓውንድ ሞልን በተመለከተ፣ ፓውንድ ሞል ከሞል ጋር ያለው ዝምድና ፓውንድ ከግራም ጋር ያለው ነው፤ አንድ ፓውንድ በትክክል 0.45359237 ኪሎግራም ስለሆነ አንድ ፓውንድ ሞል 453.59237 ሞል ነው፤ ስለዚህ አንድ ፓውንድ ሞል በሰዓት ከ0.125998 ሞል በሰከንድ ጋር እኩል ነው። እነዚህን በወረቀት ላይ በክፍልፋይ መልክ ጽፌ ከላይና ከታች የሚገኘውን ተመሳሳይ አሃድ በእርሳስ እየሰረዝኩ አረጋግጫቸዋለሁ። የተሰረዘው ተሰርዞ ከላይ ሞል፣ ከታች ሰከንድ ብቻ ካልቀረ ማባዣው ተገልብጧል ማለት ነው።

ፍሰቱ በኪሎግራም ሲሰጥ የጋዙ ሞላር ክብደት (የአንድ ሞል ክብደት) ወደ ስሌቱ ይገባል። ለምሳሌ 250 ኪሎግራም በሰዓት የሚፈስ ሚቴን፣ ሞላር ክብደቱ 16.04 ኪሎግራም በኪሎሞል ስለሆነ፣ 15.59 ኪሎሞል በሰዓት ወይም 4.33 ሞል በሰከንድ ነው፤ በፓውንድ ሞል በሰዓት ደግሞ 34.36 ይሆናል። ለድብልቅ ጋዝ አማካዩ ሞላር ክብደት የሚሰላው በሞል ድርሻ እንጂ በክብደት ድርሻ አለመሆኑን በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የጠየቀኝ በይዘት የተገለጸው ፍሰት ነው። ስታንዳርድ ሊትር በስም የይዘት መለኪያ ይሁን እንጂ፣ በተወሰነ መጠነ ሙቀትና ግፊት ላይ ያለ አንድ ሊትር ጋዝ ስለሆነ፣ በተግባር የሚቆጥረው ሞልን ነው። ችግሩ የማጣቀሻው ሁኔታ አንድ ወጥ አለመሆኑ ላይ ነው። በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ101.325 ኪሎፓስካል አንድ ሞል ሃሳባዊ ጋዝ (ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡና ቦታ እንደማይይዙ ተደርጎ የሚታሰብ ጋዝ) 22.414 ሊትር ይይዛል፤ ግፊቱ 100 ኪሎፓስካል ከሆነ 22.711፤ በ15 ዲግሪና በ101.325 ኪሎፓስካል 23.645፤ በ20 ዲግሪ ደግሞ 24.055 ሊትር። የናይትሮጅኑ መለኪያ 50 ስታንዳርድ ሊትር በደቂቃ ሲያሳይ፣ ማጣቀሻው 0 ዲግሪ ከሆነ ፍሰቱ 0.0372 ሞል በሰከንድ ነው፤ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን 0.0346። ልዩነቱ ከሰባት በመቶ በላይ ስለሆነ ከማጠጋጋት የመጣ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ያገኘሁት ከመለኪያው የስም ሰሌዳ ግርጌ ነው፤ በደቃቅ ፊደል 20 ዲግሪ ሴልሺየስና 101.325 ኪሎፓስካል ተብሎ ተቀርጾበታል። ሰሌዳ የሌለው መሣሪያ ቢሆን ኖሮ አምራቹን ሳልጠይቅ ቁጥሩን ወደ ሠንጠረዡ አላስገባውም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ስድስት ባር ስለሆነ ስታንዳርድ ሊትሩን በግፊቱ ማረም ያስፈልጋል የሚል አስተያየት ቀርቦልኝ ነበር። አያስፈልግም፤ ንባቡ አስቀድሞ ወደ ማጣቀሻው ሁኔታ የተመለሰ ነውና። የመስመሩ ግፊትና ሙቀት የሚገቡት ፍሰቱ በትክክለኛው የመስመር ሁኔታ በኩቢክ ሜትር ሲለካ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ግፊቱ ፍጹም (ከዜሮ ግፊት ጀምሮ የተለካ)፣ ሙቀቱም በኬልቪን መሆን አለበት፤ ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥርም የሃሳባዊ ጋዝ ቀመር ብቻውን ስለማይበቃ የመጨመቅ ማስተካከያ (እውነተኛው ጋዝ ከሃሳባዊው የሚለይበትን የሚያርም ማባዣ) ይታከልበታል።

ለፈጣን ማረጋገጫ ሁለት ቁጥሮችን በቃሌ እይዛለሁ፤ በኪሎሞል በሰዓት የተጻፈው ቁጥር በሞል በሰከንድ ከተጻፈው 3.6 እጥፍ፣ በፓውንድ ሞል በሰዓት የተጻፈው ደግሞ ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ መሆን አለበት። በሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር አላጠጋጋም፤ የሚጠጋጋው ወደ ሪፖርቱ የሚገባው የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው። ሪአክተር (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚካሄድበት ዕቃ) ባለበት ቦታ ግን የመግቢያና የመውጫ ሞል ድምር ስላልተመጣጠነ አሃዱን መጠራጠር አይገባም። 1 ሞል በሰከንድ ናይትሮጅንና 3 ሞል በሰከንድ ሃይድሮጅን ሙሉ በሙሉ ወደ አሞንያ ቢለወጡ የሚወጣው 2 ሞል በሰከንድ ነው፤ በክብደት ሲታይ ግን 34 ግራም ያህል በሰከንድ ገብቶ ያው 34 ግራም ይወጣል። የቁስ ሚዛኑን የምፈትሸውም በሠንጠረዡ የክብደት ዓምድ ነው።