«ውድቅ» ብዬ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ቡና

ለቅምሻ የሚላክልን የቡና ናሙና ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ይምጣልን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳያስታውሰኝ ራሴ ልናገረው።

ምክንያት ነበረኝ። ግዢ ክፍል ናሙና ሲልክ ከረጢቱ ላይ የማይጽፈው ነገር አልነበረም። «ልዩ»፣ «ደንበኛው የወደደው»፣ አንዳንዴም ሌላ ቀማሽ የሰጠው ነጥብ ጭምር። ሳንቀምሰው ነጥቡ ተነግሮን ያልቃል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። የግዢ ኃላፊዋ «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት» አለች። አሁን ሳስበው በጣም ቶሎ ነው እሺ ያለችው።

ብዙም ሳይቆይ 41 ቁጥር መጣ።

ትሪው ላይ ስዘረግፈው ፍሬው ቡናማ ነው። ቡና ቡናማ የሚሆነው ከተቆላ በኋላ ነው። ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ በደንብ የታጠበ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይመታል። ይሄ ግን ሳይቆላ የተቆላ መስሏል። አሸተትኩት። ሣር ሣር ማለት ሲገባው የተቀቀለ እህል እህል ይላል። የፍሬው መሃል መስመር ላይ የሚቀረው ነጭ ስስ ሽፋንም የለም። የእርጥበት መለኪያው 10.8 አለ። ልክ ነው። ይሄ ቆም ሊያደርገኝ ይገባ ነበር፤ አላደረገኝም።

100 ግራም ቆላሁ። እኔ የምቆላው በዓይኔ ነው፤ ስንት ዓመት በዓይኔ ቆልቼ ተከብሬ ኖሬያለሁ። ቀለሙ ቶሎ ደረሰ። ሲንጣጣ እንኳ ድምፁ ደክሟል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። አወጣሁት። በማግስቱ እንደ ደንቡ 8.25 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር አድርጌ፣ በ4ኛው ደቂቃ አረፋውን በማንኪያ ገፋሁት። የብቅል ሽታ ወጣ። ስቀምሰው ወረቀት ወረቀት አለኝ።

ሪፖርቱን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንዳልረሳው የሚያግዙኝ ሰዎችም አሉ። «ቀለሙ የተበላሸ። ቢያንስ ሦስት ዓመት የከረመ። መጋዘኑም የሚታመን አይመስልም። ውድቅ።» ውድቅ የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከሥሩ ደግሞ «እንዲህ ያለው ቡና ለናሙና መላኩ ራሱ ያሳስባል» ብዬ ጨመርኩ። ይቺ መስመር ቡናውን አትመለከትም።

ሴትየዋ ስልክ አልደወለችም። ፋይሏን ይዛ ራሷ መጣች።

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት የከረመ ብለዋል?»

«ቢያንስ።»

«የአምና ምርት ነው።»

«ቀለሙን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ዲካፍ ነው፤ ካፌይኑ የወጣለት።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ልጆች ማንኪያ ያጥቡ ነበር። ውሃውን ዘጉት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስም ይዞ እንዳይመጣ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ይቅርብኝ ነበር። ዝም አላልኩም። «ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይሄው ነው። ብታሾፍብኝ ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር።

ወረቀቱን አሳየችኝ። የሲዳማ የታጠበ አረቢካ ነው። ሲዳማን ከበር ላይ በሽታው እለያለሁ ብዬ ስንቱን ሠልጣኝ አስፈራርቻለሁ። ባሕር ተሻግሮ ካናዳ ደርሶ፣ በውሃ ዘዴ ካፌይኑ ወጥቶለት ነው እኛ ጋ የመጣው። ከእኔ የበለጠ አገር ያየ ቡና ነው።

ዘዴውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሌላውን ሰው ያስተማርኩት ጉዳይ ነው። ካፌይን የሚወጣው ከጥሬው ነው፣ ሳይቆላ። ፍሬው የሚነከርበት ውሃ ከካፌይን በስተቀር የጥሬ ቡና ሟሚ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሞላበት ነው። ሌላው ጣዕም ሰጪ ነገር ውሃው ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ ፍሬው ውስጥ ይቀራል፤ ካፌይኑ ብቻ ይወጣል። ውሃው በካርቦን ተጣርቶ ካፌይኑን ጥሎ ይመለሳል። አረቢካ ሲጀመር 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ዲካፍ ተብሎ የሚሸጥ የተቆላ ቡና ከ0.1 በመቶ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ፍሬው ተመልሶ ይደርቃል። እርጥበቱ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። ሽፋኑ ግን ታጥቦ ሄዷል፤ ቀለሙም አይመለስም።

ስለዚህ ያየሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ቀለሙ፣ ሽታው፣ የሽፋኑ መጥፋት፣ አንዱም ስህተት የለበትም። መደምደሚያው ላይ ብቻ ነው የሳትኩት። ይህንን ለሥራ አስኪያጁም አስረድቻለሁ። ራሱን ነቀነቀ።

እንደገና ቆላሁት። በዚህ ጊዜ ዓይኔን ትቼ ቴርሞሜትሩን አመንኩ። ዲካፍ ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ ውስጡ ሳይበስል ላዩ የደረሰ ይመስላል፤ በቀለም የቆላው ሰው ጥሬ ነው የሚያወጣው። ሲቀመስ የተቃጠለ ስኳር ጣፋጭነት፣ ከኋላ ቀጠን ያለ ሎሚ። ብቅሉ ለካ ከእኔ አቆላል ነው የመጣው። የአበባው ሽታ ግን ደክሟል፤ ይህንን በአዲሱ ሪፖርት አጥብቄ ጻፍኩ። ሰው የሚይዘው ነገር አያጣም።

ስለ ዲካፍ አጀማመር የሚነገር ታሪክ አለ። ብሬመን ውስጥ ሉድቪግ ሮዜሊየስ የሚባል የጀርመን ቡና ነጋዴ ነበር። የባሕር ውሃ የገባበት ቡና ደረሰውና ሲመረምረው ካፌይኑ ቀንሶ፣ ጣዕሙ ግን ብዙም ሳይጎዳ አገኘው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኩባንያ አቋቋመ። ያኔ የሚጠቀመው ቤንዝን (benzene) የሚባለውን ኬሚካል ነበር፣ የመኪናውን ቤንዚን አይደለም፤ ዛሬ ማንም ለዚህ አይነካውም። እኔን የሚያስቀኝ ግን ጭነቱ ነው። ወደቡ ላይ ቀማሹ እኔ ብሆን ኖሮ ውድቅ ብዬ ሁለት ጊዜ አሰምርበት ነበር፤ ዲካፍ የሚባል ነገርም እዚያው ይቀር ነበር።

የቁጥሩ ደንብ አልተሻረም። አንሽረው ያልኩት እኔው ነኝ፤ እልህ ነው።

ከወራት በኋላ 58 ቁጥር መጣ። ትሪው ላይ ዘረገፍኩት፤ ቡናማ። ፈገግ አልኩ። ሳልቆላው «ዲካፍ፤ በቴርሞሜትር ይቆላ» ብዬ ጽፌ፣ ልጆቹን ጠርቼ ስለ ቀለሙ አጭር ትምህርት ሰጥቼ ላክሁት።

በዚህ ጊዜ ደወለች።

«ጋሼ፣ 58ን ዲካፍ ብለውታል?»

«አዎ። ምነው?»

«መሃል መስመሩ ላይ ነጩ ሽፋን እንዳለ ነው እኮ።»

ትሪውን ሳብ አድርጌ አየሁ። አለ።

«ይሄኛው» አለች፣ «በእውነት የከረመ ነው።»