ሲሶ ወይስ ወርቃማው ምጣኔ? ፎቶ ስናነሳ መስመሩ የት ይውደቅ

ፎቶ ማንሳት ለጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው «ሰውየውን መሃል ላይ አታድርገው» የሚል ምክር ነው። ምክሩ ጥሩ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ግን ብዙም አይገኝም። ከዚያ ወርቃማው ምጣኔ የሚባለው ይመጣና ነገሩ ሁሉ ሒሳብ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የሲሶ ሕግ ቀላል ነው። ፍሬሙን በሁለት ቋሚና በሁለት አግድም መስመር እኩል እኩል ትከፍሉና ዋናውን ነገር መስመሩ ላይ ወይም መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ታሳርፋላችሁ። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሲጽፍ፣ ካሜራ የሚባል ፎቶ ማንሻ ገና ሳይኖር። ወርቃማው ምጣኔ ደግሞ ከጥንቱ የግሪክ የሒሳብ ሊቅ ከኤውክሊድ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ 1.618 ገደማ የሆነ ቁጥር ነው፤ ትልቁ ክፍል የትንሹን 1.618 እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ፍሬም ላይ ሲሰላ መስመሩ ከጠርዙ 38.2 በመቶ ላይ ይወድቃል፤ የሲሶው 33.3 በመቶ ላይ።

እስቲ ልዩነቱን እንየው። ስፋቱ 6000 ፒክስል በሆነ ፎቶ ላይ የሲሶው መስመር 2000ኛው ፒክስል ላይ ነው፣ የወርቃማው 2292ኛው ላይ። ይኸው ነው። ሰው እየተንቀሳቀሰ፣ ብርሃን እየተቀያየረ ይህን የሚለካ ዓይን የለም። ስለዚህ የትኛው ይበልጣል እያሉ መከራከሩ ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው። ታዋቂ ፎቶዎች ላይ ከወርቃማው ምጣኔ የሚሠራውን፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለውን ጥምዝ መስመር እየለጠፉ «አያችሁ!» የሚሉትንም አላምናቸውም፤ ጥምዙን እያገላበጡ ካስቀመጡት የሆነ ነገር ላይ ማረፉ አይቀርም።

ሁለቱም የሚሉን ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ቦታውን እኩል አታካፍሉ፣ ወስኑ። ጥምቀት ላይ ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆማችኋል እንበል። አድማሱን መሃል ላይ ከጣላችሁት ውኃውና ሰማዩ ይፎካከራሉ፣ ተመልካቹም የቱን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። ሰማዩ ባዶ ከሆነ አድማሱን ወደ ላይ ግፉትና ከሦስት ሁለቱን እጅ ለውኃው ስጡት፣ ለሚዘልሉት ልጆችና ለሚረጨው ውኃ። ግንቡን የወረሩት የዛፍ ሥሮች ከማረኳችሁ ደግሞ ትልቁን ቦታ ለነሱ ስጡ። ፊት ስታነሱም እንዲሁ ነው። ዓይኑን የላይኛው መስመር አካባቢ አድርጉት፤ ወደ ቀኝ ካየ በቀኙ በኩል ቦታ ተዉለት፣ አለበለዚያ ግድግዳ የሚያይ ይመስላል።

መሃል ላይ ማድረግ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ስታነሱ ግን መስቀሉን ወደ ጥግ መግፋት ምን ይፈይዳል? ኃይሉ ያለው እኩል መሆኑ ላይ ነው፤ መሃል ይሁን። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከቆሙ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ ሲሶው ይሠራል፦ እሳቸው በአንድ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሌላው፣ ዓይን በመሃላቸው ይመላለሳል።

አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ለጂኦሜትሪ ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ፎቶ አንሺ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1952 ሱቆች ካሜራ ላይ የሚገጠም የመስመር መረብ የሚሸጡበት ቀን እንዳይመጣ ተመኝቶ ጽፏል። አሁን መረቡ በየስልካችን አለ። እኔ ግን ለጀማሪ አብሩት ነው የምለው፣ ሌላው ቢቀር አድማስ እንዳይንጋደድ ይረዳል። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ክሮፕ ስታደርጉ (ፎቶውን ስትቆርጡ) ኦ (O) የምትለዋን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኳት፤ ሲሶውም፣ ወርቃማውም፣ ጥምዙም ተራ በተራ ይመጣሉ። አንዱን የቆየ ፎቶ በሲሶውም በወርቃማውም ቁረጡትና ስም ሳትጽፉ ለጓደኛ አሳዩት፣ የቱን እንደሚመርጥ ጠይቁት። ከዚያ ያንኑ ፎቶ ዋናውን ነገር ወደ ተቃራኒው ጎን ወስዳችሁ ቁረጡት። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው።