ሁለት ወር ዜሮ ሳሳድድ

የቼሬዛን ሳይክል፣ በሒሳብ ሊቁ ቼሬዛ ስም የሚጠራውን የጂኦሜትሪ ነገር፣ ማጥናት የጀመርኩት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ሶፍት ላይ እየሞነጫጨርኩ ነው። ጎንደር ላይ ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኩርባ ወስደህ፣ መነሻ ነጥብ መርጠህ፣ ጃኮቢያኑ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ጃኮቢያን ከኩርባው የሚሠራ፣ ነጥቦች የሚደመሩበትና የሚቀነሱበት ቦታ ነው። ከዚያ የነጥቦቹን ሁሉ ምልክት ትገለብጣለህ። ከዋናው ላይ የተገለበጠውን ስትቀንስ የቼሬዛ ሳይክል ይወጣል። በሆሞሎጂ ዓይን፣ ማለትም ቅርጾችን ላላ አድርጎ በሚያወዳድር ሚዛን፣ ሁሌም ዜሮ ነው፤ መገልበጥ አንደኛውን ሆሞሎጂ በነጌቲቭ 1 ያባዛል፣ ኩርባው በሚቆጠርበት በሁለተኛው ላይ ግን ነጌቲቭ በነጌቲቭ ተባዝቶ ይጠፋፋል። ጥያቄው ጠበቅ ባለ ሚዛንስ ዜሮ ነው ወይ የሚለው ነው። እኔ ዜሮ የማይሆንበትን ኩርባ ነበር የምፈልገው።

ቀለል ይበለኝ ብዬ ጂነስ 2፣ ማለትም ሁለት ቀዳዳ ያለው ኩርባ ያዝኩ፦ ዋይ ስኩዌር እኩል ይሆናል ኤክስ ፓወር 5 ሲደመር 1። መነሻዬ ኤክስ 0፣ ዋይ 1 የሆነበት ነጥብ። ዋናውና የተገለበጠው ኩርባ አልገጠሙም! ሒሳብ ለሚያስተምረው ጓደኛዬ ወዲያው ደወልኩ።

«ባክህ፣ መነሻህን ኢንፊኒቲ ላይ አድርገውና ሞክር» ብሎ ዘጋው።

አደረግኩት። ልክክ አሉ። ልዩነት ያልኩት የተገለበጠው ኩርባ ጃኮቢያኑ ውስጥ ከቦታው መንሸራተቱ ብቻ ነበር። ዋይ ሲቀነስ 1 የሚለው ፈንክሽን የመጀመሪያው መነሻዬ ላይ 5 ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን፣ ያ መንሸራተትም በ5 ሲባዛ ይጠፋል።

ሌላ ኩርባ፣ ዜሮ። ሌላ፣ ዜሮ። ሁለት ወር ሄደ።

አንድ ጠዋት አከራዬ ለቅሶ ሊሄዱ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ወጣ። ጥለት ባይኖረው መዘቅዘቁን ማን ያውቅ ነበር? የኔ ኩርባዎች ጥለት አልነበራቸውም። ጂነስ 2 ሁሉ ሃይፐርኤሊፕቲክ ነው፣ ማለትም ዋይ ስኩዌር እኩል የኤክስ ፖሊኖሚያል ተብሎ ይጻፋል፤ የዋይን ምልክት መቀየርና ጃኮቢያን ውስጥ መገልበጥ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ የተገለበጠው ከዋናው አይለይም። የማነበው መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች ላይ የተጻፈ ነገር ነው እኮ! ዘልዬው ነበር።

ስለዚህ ወደ ጂነስ 3 ወጣሁ። ቼሬዛ በ1983 ከጂነስ 3 ጀምሮ ለአጠቃላይ፣ ማለትም ልዩ ላልሆነ ኩርባ፣ ሳይክሉ ከሆሞሎጂ ጠበቅ ባለው ሚዛን፣ በአልጀብራዊ አቻነትም ዜሮ እንደማይሆን አሳየ፤ ግን «ይኸው ይህ ኩርባ» አላለም። በዚያው ዓመት ሃሪስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ የፌርማን ኳርቲክ፣ ኤክስ ፓወር 4 ሲደመር ዋይ ፓወር 4 እኩል 1ን፣ በጣቱ ጠቆመ። ብሎክ የተባለ ሌላ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ በ1984 በየትኛውም ቁጥር ብታባዛው እንደማይጠፋ አረጋገጠ።

አሁን የያዝኩት እሱን ነው። ጓደኛዬ ስደውልለት ገና ሰላም ሳይለኝ «መነሻህን ቀይረህ አየህ?» ይለኛል።