ተያዥ የሌለው ሰው

ከቢሯችን በር ላይ መኪና የሚያጥበው ወጣት ዛሬ ለጥበቃ ሥራ ተያዥ እንድሆነው ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሥራው ተገኝቷል፤ የጎደለኝ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። ቀጣሪው ድርጅት የሚፈልገው ደመወዙ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የተረጋገጠለትና ንብረት ቢጠፋ ለመክፈል የሚፈርም ሰው ነው። ከወላይታ መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ ግን በዚህ ከተማ የሚያውቃቸው አብዛኞቹ እንደ እርሱ በረንዳ አዳሪዎች ናቸው።

ስለ ድህነት ስናወራ ገንዘብ ገንዘቡን ብቻ እናነሳለን። ከገንዘቡ እጦት ይልቅ የሚያስረው ግን በሰውና በወረቀት አለመታወቅ ይመስለኛል። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌ መሸኛ፣ ከዚህ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ ለማግኘት ቤት መከራየት፣ ለመከራየትም መታወቂያ ማሳየት ግድ ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጣ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ እርሱ ግን ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡት መታወቂያና የቁጠባ ደብተር የነበራቸው ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬም ይጠብቃሉ።

ገንዘቡም ቢሆን በእጁ አይገባም ማለት አይደለም። መኪና ሲያጥብ ውሎ የሚያገኘው ምሳውንና እራቱን ከሆቴል ገዝቶ ይበላበታል፤ ምድጃ የሌለው ሰው ሽሮ ገዝቶ ማብሰል አይችልምና ከእኔ ቤት ይልቅ የእርሱ ማዕድ በውድ ይገዛል። ዝናብ ሲሆን በአዳር ሒሳብ አልጋ ይይዛል፤ የወሩ አዳር ቢደመር በከተማው ዳርቻ ከአንዲት የጭቃ ክፍል ኪራይ ብዙም አያንስም። ክፍሏን ለመያዝ ግን አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድመ ክፍያን በሁለት ወር ቢገድበውም ለእርሱ የሁለት ወሩም ተራራ ነው። ያጠራቀማትን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይዟት ቢተኛ ሌሊት ይወስዱበታል። እቁብ ይግባ የሚል ሰው ቢኖር፣ የእቁቡም ዳኛ ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ዋስ ሲያቀርብ መሆኑን ያስታውስ። «ሠርተው አይለወጡም» የሚሉ ባልደረቦቼ ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ቢያሰሉት ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ ብዬዋለሁ፤ ነገ ከሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤውን እጠይቃለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው፦ የጥበቃ ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ሲሆን፣ መኪና ማጠቡን ትቶ ዘብ ሲቆም እስከዚያ የሚበላበት ገንዘብ አይኖረውም። የመጀመሪያውን ወር የሆቴል ሒሳቡን በዱቤ እንዲይዙለት ከአጠገባችን ካለችው ምግብ ቤት ባለቤት ጋር እነጋገራለሁ፤ እርሷም ተያዥ መጠየቋ አይቀርም።