ኩፍ ያለው አምፕሊፋየር

እኛ ቤት ያለው አምፕሊፋየር ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪፈዝ ራሴ የገጣጠምኩት ነው። ንድፉን ጆን ሊንስሊ ሁድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1969 እ.ኤ.አ. ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። በአንድ ቻናል (ለግራው ወይም ለቀኙ ስፒከር) ድምፅ የሚያጎሉ አራት ትራንዚስተሮች ብቻ! ጉልበቱ 10 ዋት ነው። ለሠርግ አይሆንም፤ ለሳሎን ግን ይተርፋል። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

አንድ ዓመል አለው። ክላስ ኤ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ዘፈን ኖረም አልኖረም መብራት ይጠጣል። 27 ቮልት በ1.2 አምፔር፣ ሁለቱ ቻናል ሲደመር 65 ዋት ያህል፣ ዝም ብሎ ሙቀት ይሆናል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት፦

«ሳይዘፍንም ይበላል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሳይዘፍንም ይበላል።»

«ታዲያ አንተን አይደል የሚመስለው!»

ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩን «ምድጃህ» ነው የምትለው። እውነትም ምድጃ ነው። ትራንዚስተሮቹ የታሰሩበት ወፍራም አሉሚኒየም እጅ አያስነካም። አየር እንዲያገኝ ብዬ ክዳን አልሠራሁለትም። (ይቺን ያዙልኝ።)

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጅማን ዝናቡ ገና አልለቀቃትም፤ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ልብሱ ሁሉ እርጥብ። ከአዲስ አበባ አንድ ጋሼ ሊያዳምጡልኝ ይመጣሉ። ከኤንኤዲ 3020 ወዲያ አምፕሊፋየር አልተሠራም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 20 ዋት ብቻ፣ ግን ከዋቱ በላይ የሚናገር እቃ ነው። እኔም አልክድም። ሆኖም የኔን ላሰማቸው ቸኩያለሁ። ድምፁ እንዲረጋ ብዬ ቀድሜ አበራሁትና ወደ መናኸሪያ በረርኩ። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ዘገየ።

ስንመለስ ሳሎኑ ጥግ፣ በርጩማው ላይ፣ አምፕሊፋየሩ ጋቢ ለብሷል። ከወትሮው ከፍ ብሏል። እማዬ ከአቧራ ልትጠብቀው አለበሰችው ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሼን አስቀመጥኳቸው። ስለ ክላስ ኤ ትንሽ ንግግር አደረግኩ (ትንሽ አልነበረም)። ከዚያ ሐውልት እንደሚመርቅ ሰው ጋቢውን ሳብ!

ቡሃቃ።

የድፎው ሊጥ ነው። በዚያ ሙቀት ኩፍ ብሎ፣ ቡሃቃውን ሞልቶ፣ ጋቢው ላይ ተለጥፏል። ጋቢውን ስስብ አብሮ መጣ። አንድ ትልቅ ልሙጥ ሊጥ በቀስታ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ትራንዚስተሮቹ ላይ ወረደ። የነዚያ ትራንዚስተሮች የብረት ቆብ ራሱ ኮሌክተር የሚባለው አንዱ እግራቸው ነው፤ ኤሌክትሪክ አለበት። ሊጡ ደግሞ ጨው አለበት፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቸስስስ... ቷ!

ፊውዙ ሄደ። ስፒከሮቹ ተረፉ፤ ከመውጫው ላይ ያለው ትልቅ ካፓሲተር ስፒከር የሚያቃጥለውን ቀጥታ ከረንት ስለማያሳልፍ ነው። ያኔ ግን ይህን የማስረዳበት አፍ አልነበረኝም።

ጋሼ አየሩን አሸተቱ። «ጥቁር አዝሙድ አለበት?»

«አለው» አለች እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ። ከዚያ ወለሉን አየች። «ውይ! ምነው ጋቢውን ገለጥከው? ሊጡ ብርድ ይመታዋላ!»

«ትራንዚስተር ድምፁ ደረቅ ነው ሲባል ነው የኖረው» አሉ ጋሼ፣ በጣም ረጋ ብለው። «የአንተ ይለያል። እርጥብ ነው።»

የእንቁጣጣሽን ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ሊጥ ስፍቅ ዋልኩ። ሁለት ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ቡሃቃው ውስጥ ከተረፈው ሊጥ ግን ድፎ ተጋገረ። እውነቱን ልናገር? እንዲህ ያለ ለስላሳ ድፎ ቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ ሁለት ቁራሽ ቋጥረው ሄዱ። ስለ ድምፁ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ትናንት ብየዳውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳለ እማዬ ከኋላዬ ቆመች። መቼም ስለ ሙዚቃው ጠይቃኝ አታውቅም።

«ለመስቀል ይደርሳል?» አለችኝ።