ያልጮኸው ደወል

ኔዘርላንድስ ውስጥ የባቡር ነጂነት ስልጠና ላይ ነበርኩ። ኅዳር ነው። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ተሳፋሪ አልጫንንም፤ ባዶ ባቡር ወደ ማደሪያው እየመለስኩ ነው። አሰልጣኜ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ጡረታቸው የደረሰ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሀዲድ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በስሜ ጥራኝ ይሉኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንቱ ነው የምላቸው።

ቢጫ መብራት አለፍን። ቢጫ ማለት ፍጥነትህን ወደ 40 ኪሎ ሜትር አውርድ፣ ቀጣዩ መብራት ላይ ለመቆም ተዘጋጅ ማለት ነው። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ ፍሬን ያዝኩ። ከ40 በታች ስንወርድ ደወሉ ዝም ብሎ ነበር። እኔም ተረጋጋሁ። የምንገባበትን የሀዲድ ቁጥር ወረቀት ላይ ለማየት ጎንበስ አልኩ።

ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ትሄዳለህ። ቀና ስል የአሰልጣኜ እጅ የአደጋ ፍሬኑ ላይ ነበር። ቀዩ መብራት በጎናችን አለፈ። ጥቂት ሜትር አልፈነው ቆምን።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለምን አልጮኸም?» የሚል ነበር።

«ከ40 በታች እኮ አይጮኽም» አሉኝ።

ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። እጄ ግን አላወቀውም ነበር።

ተቆጣጣሪው ጋ ደወልን። ሌላ ነጂ መጥቶ ባቡሩን ተረከበ። እኔን ቢሮ አስገብተው ጠየቁኝ፣ ጻፉ፣ ወደ ቤት ላኩኝ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዕረፍት ቀናቸው አሰልጣኜ ደውለው «ና፣ አንድ ቦታ ላሳይህ» አሉኝ። የወሰዱኝ ሃርሜለን ነው። በዩትሬክትና በቩርደን መካከል ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሁለት የባቡር መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ።

አደጋው የደረሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ቀን 1962 ነው። ጉሙ እንደኔው ቀን፣ ምናልባትም የባሰ። ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሌዋርደን ወደ ሮተርዳም የሚሄድ ፈጣን ባቡር እየመጣ ነው። የሚጎትተው 1131 የሚባል የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። ከፊቱ ደግሞ ከሮተርዳም ወደ አምስተርዳም የሚሄድ ሌላ ባቡር መስመሩን እያቋረጠ ነው። የፈጣኑ ነጂ ቢጫውን በጉሙ ውስጥ ሳያየው አለፈ። ቀዩን አየው፣ ፍሬንም ያዘ። በ125 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን በሰከንድ ወደ 35 ሜትር ነው የምትሄደው። 93 ሰው ሞተ። በኔዘርላንድስ የባቡር ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም።

በ50ኛው ዓመት፣ በ2012፣ እዚያ መታሰቢያ ቆመ። የሟቾቹ ስም ተጽፎበታል። አሰልጣኜ ምንም ሳይሉ ቆሙ። እኔ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ።

የኔ ደወል የመጣው ከዚህ ነው። ደወሉ ያለበትን መሣሪያ ሆላንዶች አቴቤ (ATB) ይሉታል። በሀዲዱ ውስጥ ምልክት ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ይላካል። የባቡሩ መቀበያ ያንን እያነበበ የተፈቀደውን ፍጥነት ለነጂው ያሳየዋል። ነጂው ፍሬን መያዝ ሲገባው ካልያዘ፣ ባቡሩ ራሱ ይይዛል። ከሃርሜለን በኋላ ነው በአገሪቱ መስመሮች ላይ በስፋት መዘርጋት የጀመረው። ሎኮሞቲቮቹም ተለወጡ። እንደ 1131 ያሉት፣ 1100 የሚባሉት፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ ስለነበር በግጭት ጊዜ ነጂውን የሚጋርደው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ነጂውን የሚከላከል አፍንጫ ተሠራላቸው።

አቴቤ ሲሠራ ግን አንድ ክፍተት ቀረበት። በሀዲዱ ላይ ምልክት ከሌለ መሣሪያው ከ40 አትለፍ ብቻ ነው የሚለው። ከ40 በታች ከሆንክ፣ ቀዩ አፍንጫህ ስር ቢሆንም ዝም ይላል። በቀስታ የሚሄድ ሰው አይቶ ይቆማል ተብሎ ታስቦ ነው። ኤፕሪል 21 ቀን 2012 አምስተርዳም ውስጥ፣ ቬስተርፓርክ አጠገብ፣ አንድ ባቡር ቀይ አልፎ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። አንዲት ሴት ሞተች፣ ከመቶ በላይ ሰው ተጎዳ። ክፍተቱን የሚደፍነው የተሻሻለው መሣሪያ በብዙ መብራቶች ላይ ገብቶ ነበር። እዚያ መብራት ላይ ግን አልነበረም። እኔ ባለፍኩትም ላይ አልነበረም።

ይህን ሲነግሩኝ ተናደድኩ። አሁንም እናደዳለሁ። የሚያውቁት ቀዳዳ ለስንት ዓመት ይተዋል? የኛም የስልጠና መጽሐፍ ስለዚህ የሚለው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። ስለ ደወሉ ግን ገጽ ሙሉ አስተምሮናል። አዲስ ሰልጣኝ ልቡ ደወሉ ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል? ቢሆንም ወረቀት ለማየት ያጎነበስኩት እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ያ ጠዋትም ጉም ነበር። አሰልጣኜ ያየኸውን መብራት ጮክ ብለህ ተናገር አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ አማርኛው ነው።

«ቢጫ» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀጣዩ ቢጫ ላይ እሳቸው ቀደሙኝ፤ «ቢ-ቻ!» አሉ። ጠ እና ጨ አይሆኑላቸውም።

ቀዩ ጋ ስንደርስ ቃሉን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር። በጣታቸው ወደ መብራቱ አመለከቱኝ።

«ቀይ» አልኩ። ባቡሩ ቆሞ ነበር።